ይዞራል፤ ግን አይነሣም

(ይህ ጽሑፍ በባሌ ሮቤ ለፕሮጀክት ሾፌሮች፣ ለንብረት ክፍል ሠራተኞችና ለሰበካ ጉባኤ የልማት ኮሚቴ አባላት በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ በንግግር የቀረበ ነው።)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። አሜን።

በመርሐ ግብሩ ላይ የተሰጠን ርእስ «የተሽከርካሪ አያያዝ» የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ ስለ ሆነ ከውስጡ አንዲት ጥያቄ ብቻ መርጠናል። በናፍጣ የሚሠራ የጭነት መኪና ቁልፉ ሲከፈት ሞተሩ እየዞረ አልነሣ ቢል ምን ማድረግ ይገባናል?

ይህን ጥያቄ የመረጥነው የመካኒክነት ሙያ ስላለን አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤትም ሆነ በነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ስለ ፖምፓና ስለ ፊልትሮ የሰማነው ነገር አልነበረም። የመረጥነው በዚህ ጉዳይ ላይ ተሳስተን የሌሎችን ድካም ከንቱ ስላደረግን ነው። ስለዚህ አስቀድመን የሆነውን እንናገራለን፤ ቀጥለን የተማርነውን እናካፍላችኋለን።

በሳነቴ አምባ ላይ

ወሩ መጋቢት፣ ሳምንቱ ገብር ኄር ነበር። የአቮካዶ ችግኝ በጭነት መኪና ጭነን ከሮቤ ተነሣን። መድረሻችን ደሎ መና ነበር። በዚያ ያሉ አርሶ አደሮች የበልጉን ዝናብ ተስፋ አድርገው፣ ጉድጓዱን ቆፍረውና ፍግ ጨምረው ይጠብቁን ነበር። መንገዱን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከጎባ ከተማ ወጥቶ ሽቅብ ወደ ሳነቴ አምባ ይወጣል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ተጉዞ በሪራ በኩል ወደ ሐረና ደን ይወርዳል። ከጎባ ስንነሣ ቀኑ መሽቶብን ነበር። አምባው ላይ ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ጋረደብን። ሾፌራችን የመንገዱን ዳር መለየት ስላልቻለ በዚያው ለማደር ተስማማን፤ ናፍጣ ለመቆጠብም ሞተሩን አጠፋን።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ጉሙ ተገፈፈ። ሰማዩ ጠራ፤ ብርዱም በረታ። ሾፌሩ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ዞረ፤ ግን አልነሣም። ደግሞ አዞረ፤ አሁንም አልነሣም። እኛም ከጎኑ ተቀምጠን «አንድ ጊዜ ጨምር፤ ሊነሣ ነው» እያልን አደፋፈርነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሞተሩ ድምፅ እየከበደና እየዘገየ ሄደ፤ በመጨረሻም ጠቅ ብሎ ቀረ። ሁለቱም ባትሪዎች አለቁ። ሜዳ ላይ የቆመ የተጫነ መኪና ደግሞ በሦስት ሰው ግፊ አይነሣም።

ሲነጋ አንድ የሪራ እረኛ አገኘን። በጾም ላይ መሆናችንን ስንነግረው ወተቱን ትቶ የገብስ ቂጣ አካፈለን። በዚያ ረፋድ ካለፉት መኪኖች የባትሪ ማገናኛ ካቦ የያዘ አልነበረም። ስለዚህ ረዳታችን ሁለቱን ባትሪዎች ይዞ በአላፊ መኪና ወደ ጎባ ወረደ። ባትሪ እስኪሞላ ጊዜ ይወስዳልና በዚያ ቀን አልተመለሰም። ሁለተኛው ሌሊት ከመጀመሪያው ይልቅ የጠራና የበረደ ሆነ። ጧት ሸራውን ስንገልጥ የአብዛኞቹ ችግኞች ቅጠል በውርጭ ጠቁሮ፣ እንደ ተቀቀለ ጎመን ዝሎ አገኘነው።

ረፋዱ ላይ ረዳታችን ባትሪዎቹንና አንድ አዛውንት መካኒክ ይዞ ደረሰ። እኛ ባትሪው ቶሎ ታስሮ ቁልፉ እንዲዞር ስንቸኩል፣ ጋሼ «ቁልፉን ማንም አይንካ» አሉን። ከዚያም ሦስት ነገር ጠየቁን። «ስታዞሩት ከማርሚታው ጭስ ይወጣ ነበር?» አሉ። የተመለከተ ሰው አልነበረም። «ፊልትሮው መቼ ተቀየረ?» አሉ። የጻፈው ሰው አልነበረም። «ናፍጣውን ከየት ቀዳችሁ?» ሲሉን ግን መልስ ነበረን፤ ከራሳችን መጋዘን፣ ለወራት ጎዶሎ ሆኖ ከቆየ በርሚል።

ጋሼ ከመኪናው ሥር ገብተው ናፍጣውንና ውኃውን የሚለየውን ፊልትሮ አገኙ። የውኃ መጠጫ ጠርሙስ ከሥሩ ደግነው የታችኛውን ማፍሰሻ ከፈቱ። መጀመሪያ አንድ ኩባያ የሚያህል ውኃ ወረደ፤ ከዚያ በኋላ ናፍጣ መጣ። ማፍሰሻውን ዘግተው በእጅ ፖምፓው ናፍጣ ሳቡ፤ የገባውን አየር አስወጡ፤ ባትሪዎቹን አሰሩ። ሞተሩ በሁለተኛው ሙከራ ተነሣ። ሥራው ሁሉ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

እጃቸውን እየጠረጉ የነገሩን ቃል እስከ ዛሬ አልተለየንም። «ዲያቆን፣ ሌሊት የዘጋችሁ በረዶ ነው። ትናንት ፀሐይ ሲሞቅ ቀልጧል። ባትሪውን ባትጨርሱት ኖሮ ውኃውን አፍስሳችሁ ትናንትና ከቀትር በኋላ መና በገባችሁ ነበር።»

ደሎ መና ስንደርስ የተረፉትን ጥቂት ችግኞች አስረከብን። አርሶ አደሮቹ አልተቈጡንም። ከመካከላቸው አንድ አባት ብቻ «የቀረውን ጉድጓድ ክፍት እንተወው ወይስ በቆሎ እንዝራበት?» ሲሉ ጠየቁን። የሚቀጥለውን ዝናብ ትጠብቃላችሁ ብለን ለመናገር አፍረን ዝም አልን።

ሞተሩ የሚፈልጋቸው ሦስት ነገሮች

ከዚያ በኋላ ጋሼን በጎባ እየጎበኘን ጠየቅን፤ መጽሐፍም አገላበጥን። የተማርነው እነሆ።

አስቀድመን ሁለት ነገሮችን እንለይ። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ጨርሶ የማይዞር ከሆነ ጥያቄው የባትሪ፣ የካቦ ወይም የሞተሪኖ ነው። ሞተሩ በደንብ እየዞረ የማይነሣ ከሆነ ግን ሞተሪኖው ሥራውን እየሠራ ነው፤ የጎደለው ሌላ ነገር ነው። ቁልፉን መደጋገም ያንን የጎደለውን አያመጣም።

የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ በሚሰጠው ብልጭታ ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በተሳካ ሁኔታ ያሠራው ሞተር ግን ብልጭታ አያስፈልገውም። ፒስቶኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን አየር ከ16 እስከ 20 እጥፍ ያህል ያምቀዋል፤ የታመቀው አየር ከ500 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ይግላል፤ ኖዝሉ ናፍጣውን በዚያ ግለት ላይ እንደ ጉም አድርጎ ሲረጨው ናፍጣው በራሱ ይቀጣጠላል። እንግዲህ የናፍጣ ሞተር ለመነሣት ሦስት ነገር ይሻል፤ ንጹሕ ናፍጣ፣ በቂ አየርና በቂ ሙቀት።

የምንሠራበት ደጋ ሦስቱንም ይፈትናል። ሮቤ ከ2,400 ሜትር በላይ፣ ጎባም 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በሳነቴ የሚገኘው የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በ4,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠረፍ ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በጠራ ሌሊት ደግሞ ብርዱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ብርድ የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል፤ የሞተር ዘይትን ያወፍራል። ሞተሩም በዝግታ ይዞራል፤ በዝግታ ሲዞር የታመቀው አየር ሙቀት ወደ ቀዝቃዛው ብረት ስለሚያመልጥ ናፍጣውን ማቀጣጠል ይሳነዋል። ስለዚህ ባትሪው በደከመ ቁጥር የመነሣት ተስፋው እያነሰ ይሄዳል። በዚያ ሌሊት «ሊነሣ ነው» ስንል የነበረው ከመነሣት እየራቀ ሳለ ነው።

ናፍጣውም በብርቱ ብርድ ሰም የመሰለ ነገር እያወጣ ፊልትሮውን ይደፍናል። ውኃ ካለበት ደግሞ ውኃው በረዶ ይሆናል። ውኃው ወደ ናፍጣው የሚገባበት መንገድ ቀላል ነው። በጎዶሎ ታንከር ወይም በርሚል ውስጥ ያለው አየር ቀን ሞቆ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ በግድግዳው ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከሥር ይተኛል፤ የመሳቢያው ቧንቧም የሚጠጣው ከዚያው ከሥር አካባቢ ነው።

ከቁልፉ በፊት ዓይንና ጆሮ

የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ቁልፉን ሳንነካ እንመርምር። ናፍጣ መኖሩን ጌጁን ብቻ አምነን አንለፍ፤ ንጹሕ ዘንግ ወደ ታንከሩ አስገብተን እንለካ። ሞተር በገመድ በሚጠፋባቸው መኪኖች የማጥፊያው ገመድ ወደ ቦታው መመለሱን እንይ፤ ገመዱ ተይዞ ከቀረ ፖምፓው ናፍጣ አይሰጥም። በኤሌክትሪክ በሚጠፉት ላይ ፊውዙን እንመልከት። የነዳጅ ቧንቧው የረጠበበትን ቦታ እንፈልግ፤ ናፍጣ የሚወጣበት ቀዳዳ አየር የሚገባበትም ነውና።

ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ከማርሚታው ኋላ ይቁም፤ ሾፌሩም ከ10 ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ ያዙር። በአንዱ ሙከራና በሚቀጥለው መካከል ሁለት ደቂቃ እናሳርፈው፤ ሞተሪኖው ይቀዘቅዛል፤ ባትሪውም ጥቂት ያገግማል። ቋሚው ሰው የሚያየው ጭስ የምርመራውን አቅጣጫ ይነግረናል።

ምንም ጭስ ካልወጣ ናፍጣው ወደ ሲሊንደሮቹ እየደረሰ አይደለም። ከታንከሩ ተነሥተን ወደ ፖምፓው በቅደም ተከተል እንሂድ። የታንከሩ ክዳን መተንፈሻ በጭቃ ተደፍኖ እንደ ሆነ ክዳኑን ከፍተን እናያለን። ቀጥሎ ውኃ የሚለየውን ፊልትሮ በሚያሳይ ጠርሙስ ውስጥ እናፈሳለን፤ ከታች የተኛው ውኃ ከናፍጣው ተለይቶ ይታያል። ብርድ ካለና ማፍሰሻው ምንም ካልሰጠ በረዶ እንጠርጥር፤ ፀሐይን እንጠብቅ ወይም በሙቅ ውኃ የተነከረ ጨርቅ እንጠምጥምበት። ከዚያ የእጅ ፖምፓውን እንጫን። ጥቂት ከተጫነ በኋላ ካልጠነከረ ከፖምፓው በፊት አየር የሚስብ የላላ ቦታ አለ፤ ወይም መንገዱ ተዘግቷል። በፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን የአየር ማውጫ ብሎን ትንሽ አላልተን ስንስብ አረፋ ያለበት ናፍጣ ይወጣል። አረፋው ጠፍቶ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ እንቀጥል፤ ከዚያ ብሎኑን እናጥብቅ።

ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ደርሷል፤ ግን አልተቀጣጠለም። የጎደለው ሙቀት ነው። የፊት መብራቱን አብርተን ስናዞር መብራቱ ክፉኛ ከደከመ ባትሪው ወይም ማሰሪያው ነው፤ የነጣውን ዝገት ጠርገን እናጥብቀው። ቅድመ ማሞቂያ ያለው መኪና ከሆነ ምልክቷ መብራት እስክትጠፋ እንታገሥ፤ በብርቱ ብርድ ሁለት ጊዜ እናሙቀው። ማሞቂያውና ባትሪው ደኅና ሆነው ነጩ ጭስ ከቀጠለ ጥያቄው የናፍጣ መርጫው ሰዓት ወይም የሞተሩ የመጭመቅ አቅም ሊሆን ይችላል፤ ያ የጋራዥ ሥራ ነው።

ጥቁር ጭስ ከወጣ አየር አንሷል። በመኸር ጊዜ በሮቤና በሲናና የእርሻ መንገዶች የሚነሣው አቧራና ገለባ የአየር ፊልትሮውን እንዴት እንደሚደፍነው እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቃላችሁ።

ፈጽሞ የማናደርጋቸው

በታንከር ሥር እሳት አናነድድም። ብርድ በበረታበት ስፍራ ይህን የሚያደርጉ አሉ፤ መኪናውንም ሰውንም ያጠፋል። በቤንዚን የተነከረ ጨርቅ በአየር መግቢያው ላይ አናደርግም። የማስነሻ ስፕሬይም ማሞቂያው በጋለ ሞተር ላይ አንረጭም፤ ያለ ጊዜው ፈንድቶ ፒስቶን ይሰብራል። ወደ ኖዝል የሚሄዱትን ቧንቧዎች ያለ መካኒክ አንፈታም። በተለይ በኮምፒውተር በሚታዘዙት አዳዲስ ሞተሮች ውስጥ የናፍጣው ግፊት ከ1,000 ባር ያልፋል። በዚህ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ እንደ መርፌ ቆዳን ሰንጥቆ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ሳይዘገይ ሆስፒታል የሚያስኬድ ነው።

ከመነሣታችን በፊት

ከዚያ መጋቢት ወዲህ በፕሮጀክታችን የተለወጠው ነገር ብዙ ገንዘብ አልጠየቀም። ታንከሩ ማታ ሞልቶ ያድራል። ወደ ሳነቴ ከመውጣታችን በፊት የፊልትሮው ውኃ ጧት ይፈሳል። በርሚል ከተንከባለለ በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን ሳይነቃነቅ ይቀመጣል፤ መሳቢያውም ከወለሉ ከፍ ብሎ ይገባል፤ የመጨረሻው ቅሪት ወደ መኪና አይቀዳም። በመኪናው ውስጥ መለዋወጫ ፊልትሮ፣ የባትሪ ማገናኛ ካቦ፣ ባትሪ ድንጋይ ያለው መብራት፣ የሚያሳይ ጠርሙስና አንድ ደብተር አይጠፉም። በደብተሩ ላይ ናፍጣው ከየት እንደ ተቀዳ፣ ፊልትሮው መቼ እንደ ተቀየረ፣ ሞተሩ ጧት ምን ያህል እንደ ዞረ ይጻፋል። ለጋሼ ሦስት ጥያቄዎች ያጣነውን መልስ አሁን ከደብተሩ እናገኛለን።

የንብረት ክፍል ሠራተኞች ሆይ፤ ይህን ሁሉ ለሾፌሩ ብቻ አንተውለት። ውኃው ወደ መኪናው የገባው ከመጋዘናችን ነው። ሾፌሩን ያጣደፍነውም እኛ ከጎኑ የተቀመጥን የጽሕፈት ቤት ሰዎች ነን። እርሱ ቢያንስ አንድ ጊዜ «ትንሽ እናሳርፈው» ብሎን ነበር፤ አልሰማነውም። አለቃ ከጎኑ ሆኖ ሲያጣድፈው ቁልፉን ለመተው የሚደፍር ሾፌር ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ጉባኤ ፊት አንድ ነገር እንስማማ፤ መኪና አልነሣ ሲል በዚያ ሰዓት የሚታዘዘው ሾፌሩ ነው፤ የፕሮጀክት ኃላፊው ከኋላ ቆሞ ጭሱን ይመልከት።

አበው የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። በሳነቴ ያፈሰስነውን ግን መልቀም አልቻልንም፤ የበልጉ ዝናብ አልጠበቀንም። በዚያ ሳምንት በቤተ ክርስቲያን ስለ ታማኙ አገልጋይና ስለ ተሰጠው መክሊት ሲነገር፣ መክሊቱን በትልቅ ነገር እንፈልገው ነበር። ለእኛ በዚያች ሌሊት የተሰጠን መክሊት በሁለት ባትሪዎች ውስጥ የቀረው ጉልበት ነበር። እስኪነጋ ብንጠብቀው ኖሮ ለአርሶ አደሮቹ በደረሰላቸው ነበር።

ያን የደሎ መና አባት በቀጣዩ ዝናብ እንደገና አገኘናቸው። ጉድጓዶቹን በቆሎ አልዘሩባቸውም፤ በቅጠል ሸፍነው አቆይተዋቸው ነበር። በዚያ ጊዜ ከጎባ የተነሣነው ጧት ነው፤ የፊልትሮውንም ውኃ አስቀድመን አፍስሰናል። ችግኞቹ ሁሉ በአረንጓዴያቸው ደረሱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።